«ቤት ያክላል» መልስ አይደለም

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት አንድ ጥፋት አጥፍተናል። ጥፋቱን የሠራነው አራት ሆነን ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ የምናቀርበው አራት ሆነን ነው። «ጉዳችሁን ምን ግድግዳ ላይ አስለጠፋችሁ?» ያሉን ጓደኞች አልጠፉም። የምንለጥፈው በሚቀጥለው ዙር ወደ ልምምድ የሚወጡት ያንኑ እንዳይደግሙት ብለን ነው። ነገሩ የተነሣው ከአንድ ትልቅ ሞተር ስለሆነ የምናወራውም በአብዛኛው ስለ ሞተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳችን 6ኛ ክፍል ገብቶ ስለ ማጓጓዣ ዘዴዎች ያስተምራል። ሦስታችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን የመመልከቻ ቅጻችንን እንሞላለን። መኪና፣ ባቡር፣ መርከብ፣ አውሮፕላን እያለ በጠመኔ ሲዘረዝር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ወፍጮ ቤት እንደሚሠሩ የሰማነው በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ የመርከብ ሞተር ምን ያክላል?»

«በጣም ትልቅ ነው፤ ቤት ያክላል» ሲል ጓደኛችን መለሰለት።

ልጁ አልተቀመጠም። «የማንን ቤት? የኛን ቤት ነው ወይስ ይኼን ትምህርት ቤት?»

ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ጓደኛችን የተቀለደበት መሰለው። «ቁጭ በል! ትምህርቱን አትረብሽ» አለና ወደ ሰሌዳው ዞረ። ልጁ ተቀመጠ። ደወሉ እስኪደወል እጁን አላወጣም። በማግሥቱም አላወጣም።

ከዚህ የባሰው ማታ የሆነው ነው። ተሰብስበን ስንገማገም ሦስታችንም «የክፍል አያያዝ» በሚለው ረድፍ ላይ ጥሩ ነጥብ ሰጥተን ነበር። አንድ ጥያቄ አፍነን «ጸጥታ አስከብሯል» ብለን ተመሰጋገንን ማለት ነው። ወደ መኝታችን ልንሄድ ስንል ግን አንዳችን፣ «እሺ፣ ለመሆኑ ምን ያክላል?» አለ። የሚመልስ ጠፋ። አራታችንም 12ኛ ክፍል ጨርሰን የመጣን ነን። የሞተርን አራት ምት በቃላችን እንወጣዋለን፤ ፒስተን፣ ሲሊንደር፣ ቫልቭ እያልን ሥዕሉን እንሥላለን። የመርከብ ሞተር የማንን ቤት እንደሚያክል ግን አናውቅም። ልጁ የጠየቀው እኛም ያልመለስነውን ነበር።

በማግሥቱ ፍለጋ ጀመርን። ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ አንድ የፊዚክስ መምህራችንም ረዱን። ያገኘነው ይህ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2006 ኤማ ሜርስክ የተባለች የዕቃ መጫኛ መርከብ ዴንማርክ ውስጥ ተሠርታ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 397 ሜትር ነው። የተገጠመላት ዋና ሞተር ቫርትሲላ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ሞዴል ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከተሠሩት የናፍጣ ሞተሮች ከታላላቆቹ የሚመደብ ነው። 14 ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረውበታል። ርዝመቱ ወደ 27 ሜትር፣ ቁመቱ 13 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ ከ2,300 ቶን በላይ ነው። አንዱ ሲሊንደር 96 ሳንቲ ሜትር የውስጥ ስፋት አለው፤ ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ የሚጓዘው ርቀት 2 ሜትር ተኩል ነው። ኃይሉ 80,080 ኪሎ ዋት፣ በፈረስ ጉልበት ደግሞ ወደ 109,000 ይደርሳል።

ይህን ስናነብ «ጉድ ነው!» አልን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ገና አልገባንም ነበር። 2,300 ቶን ምን ማለት ነው? ቁጥሩን ከደብተራችን ወደ ሰሌዳ ብናሻግረው ልጆቹም ይገለብጡትና ለፈተና ይሸመድዱታል። ያ ደግሞ «ቤት ያክላል» ከማለት የሚለየው በአሃዝ በመጻፉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከግቢው ዘበኛ ገመድ ተዋስንና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኳስ ሜዳው ወረድን። ከጎሉ መስመር ተነሥተን 27 ሜትር ስንለካ የሜዳውን ሩብ ያህል ሄድን። ቁመቱን መሬት ላይ አጋድመን ለካነው፤ ቀጥ ብሎ ቢቆም ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ቀጥለን ምስማር ተክለን፣ 48 ሳንቲ ሜትር ክር አሥረን፣ የአንዱን ፒስተን ክብ መሬት ላይ ሣልን። አራታችን ተጠጋግተን ቆምንበት። በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ላይ ምልክት አደረግን። ከመካከላችን ረዥሙ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ አልደረሰበትም። ያን ሁሉ ርቀት ነው ያ ክብ የሚመላለሰው።

ከዚያ ሂሳቡን ሠራን። የሲሊንደር ይዘት አወጣጥ ሁላችንም የተማርነው ነው። መልሱ ወደ 1,810 ሊትር መጣ፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ዘጠኝ መሆኑ ነው። ይህ እንግዲህ የአንዱ ሲሊንደር ብቻ ነው፤ እንዲህ ያሉ 14 አሉ። በአንጻሩ 1,300 ሲሲ የሆነች ባለ አራት ሲሊንደር መኪና የአንዱ ሲሊንደሯ ይዘት 325 ሲሲ ነው። ከአንድ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጠርሙሱን በአንድ ወገን፣ ዘጠኙን በርሜል በሌላው ወገን አድርጎ ማሰብ ነው።

ስለ ኃይሉም አንድ የምናውቀው መለኪያ አገኘን። በ1960 የተመረቀው የቆቃ የውኃ ኃይል ማመንጫ አቅሙ 43 ሺህ ኪሎ ዋት ያህል ነው። ያ ሁሉ ግድብ፣ ያ ሁሉ ሐይቅ፣ ሦስቱም ተርባይኖች ተደምረው ማለት ነው። የአንዷ መርከብ ሞተር ሁለት ቆቃ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን ስናሰላ ነው በእውነት ያጨበጨብነው።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመን ግን ፍጥነቱ ነው። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ሞተር እንደ ነፋስ የሚሽከረከር መስሎን ነበር። ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ በደቂቃ የሚዞረው 102 ጊዜ ብቻ ነው። የትንሿ መኪና ሞተር በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራል። 102 ማለት እኮ ዳገት የወጣ ሰው የልብ ትርታ ነው! አጠገቡ የቆመ ሰው እያንዳንዱን ዙር በአፉ ሊቆጥረው ይችላል።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ገዘፈ? ለምንስ ዝግ አለ? ልጁ ቢቀጥል ኖሮ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። ሦስት ምክንያቶችን እንጥቀስ።

አንደኛው ከቡና ሲኒ ልንማረው የምንችለው ነው። ሲኒ ላይ የተቀዳ ቡና ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ጀበናው ውስጥ የቀረው ግን እንደ ጋለ ይቆያል። ይህን በጭቃ ማሳየት ይቻላል። ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብና ጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ሥሩ። የትንሹ ውጫዊ ገጽ 6፣ ይዘቱ 1 ነው። የትልቁ ውጫዊ ገጽ 24፣ ይዘቱ ግን 8 ነው። ገጹ በአራት ሲባዛ ይዘቱ በስምንት ተባዛ ማለት ነው። ሙቀት የሚያመልጠው በገጽ በኩል ስለሆነ ትልቁ በይዘቱ ልክ ሲታይ የሚያባክነው ሙቀት ያንሳል። የሞተር ሥራ ደግሞ ሙቀትን ወደ ጉልበት መለወጥ ነው። ሙቀቱን በግድግዳው ካስበላ ምን ቀረው?

ሁለተኛው ነዳጁ ነው። እነዚህ ሞተሮች የሚያቃጥሉት በአብዛኛው ከባድ ጥቁር ናፍጣ የምንለውን ነው። ይህ ነዳጅ ከድፍድፉ ላይ ቤንዚኑና ሌላው ቀላል ነዳጅ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ዝፍት ስለሚወፍር ወደ ሲሊንደር ከመረጨቱ በፊት ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። እንዲህ ያለው ነዳጅ ተቃጥሎ ለማለቅ ጊዜ ይፈልጋል። ዝግ ብሎ የሚዞር ሞተር ይህን ጊዜ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ውኃው ነው። መርከቧን የሚገፋት ከኋላ ያለው ትልቅ መቅዘፊያ ነው፤ የኤማ ሜርስክ መቅዘፊያ ከዳር እስከ ዳር ከ9 ሜትር በላይ ነው። ትልቅ መቅዘፊያ ዝግ ብሎ ሲዞር ውኃውን ሳይንጥ ይገፋል። ሞተሩም በዚያው ፍጥነት ስለሚዞር ከመቅዘፊያው ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ በመካከሉ ማርሽ የለም። ወደ ኋላ መሄድ ሲፈለግ ሞተሩ ይቆምና በተቃራኒው አቅጣጫ እንደገና ይነሣል። የሚያስነሣውም የታመቀ አየር ነው፤ ይህን ግዙፍ ነገር በቁልፍ ማስነሣት አይቻልማ!

ውጤቱ ምንድን ነው? ሞተሩ ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሙቀት ግማሽ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1897 አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ያስፈተነው የመጀመሪያ ሞተር ቁመቱ 3 ሜትር ያህል ሆኖ ኃይሉ ወደ 20 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የለወጠው 26 ከመቶ ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ጋር ሲነጻጸር ይኸው ራሱ ተአምር ተባለ። በ1912 ደግሞ ሴላንድያ የተባለች የዴንማርክ መርከብ እያንዳንዳቸው 1,250 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሁለት የናፍጣ ሞተሮች ከአውሮፓ እስከ ባንኮክ ተጓዘች። የጭስ ማውጫ ጉልላት ስላልነበራት ያዩዋት ሰዎች በምን እንደምትሄድ ግራ ገብቷቸው ነበር። ከ20 ፈረስ ወደ 109,000 ፈረስ የተደረሰው ከመቶ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ነው።

ይህን ስንል ግን ትልቅ ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ያ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በአንድ ሰዓት ከ13 ቶን በላይ ነዳጅ ይበላል፤ ጭሱም የዚያኑ ያህል ነው። ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋሉት የዚያው ኩባንያ 400 ሜትር መርከቦች ብዙ ዕቃ እየጫኑ፣ ሁለት ሞተሮቻቸው ተደምረው ግን ወደ 60 ሺህ ኪሎ ዋት ነው የሚሰጡት። ጉዞውን ቀስ ማድረግ ነዳጅ እንደሚቆጥብ ስለታወቀ ነው። የግዙፍነቱ ዓላማ ቁጠባ ነበርና ቁጠባው በሌላ መንገድ ሲገኝ ሞተሩ አነሰ። ልጆችን ይህንንም ጨምረን ካላስተማርናቸው ትልቅ ነገር አይተው አፋቸውን የሚከፍቱ እንጂ «ለምን?» የሚሉ አናደርጋቸውም።

አሁን ከባሕር ወደ ሐዲድ እንምጣ። «ባቡር» የምንለው ቃል መነሻው እንፋሎት የሚል ትርጉም ያለው የአውሮፓውያን ቃል ነው፤ በዐረብኛ በኩል ደረሰን። በአንዳንድ አካባቢ የእህል ወፍጮውንም ባቡር ይሉታል። የመርከብ ሞተር እስከ አራት ፎቅ ማደግ ይችላል፤ የባቡር ሞተር ግን አይችልም። ዋሻ አለ፣ ድልድይ አለ፣ የሐዲዱ ስፋት አለ። ስለዚህ የባቡር መሐንዲሶች ሞተሩን አሳጥረው ሲሊንደሮቹን በሁለት ረድፍ እንደ ጣት ቅርንጫፍ አዘነበሏቸው፤ ፍጥነቱንም ጨመሩ። ከ1966 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በተሠራው ኤስዲ 40 በተባለው ባቡር ላይ ያለው ሞተር 16 ሲሊንደሮች አሉት። የእያንዳንዱ ይዘት 10 ሊትር ተኩል ያህል ነው። በደቂቃ 900 ጊዜ እየዞረ 3,000 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ከመርከቡ ጋር ሲተያይ ልጅ ነው፤ ከመኪናው ጋር ሲተያይ ግን አንዱ ሲሊንደር የመኪናዋን ስምንት ሞተር ይውጣል።

እዚህ ላይ እኛን ያስገረመን አንድ ነገር አለ። የብዙዎቹ የናፍጣ ባቡሮች ሞተር ጎማውን አያዞርም። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ጎማው ዘንድ ያሉትን የኤሌክትሪክ ሞተሮች ያዞራል። የናፍጣ ሞተር ከቆመበት ተነሥቶ ብዙ ሺህ ቶን መሳብ አይሆንለትም፤ በመኪና እንደምናየው ፍሪሲዮን ቢገጠምለት ተቃጥሎ ያልቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ትልቁ ጉልበቱ ከቆመበት ሲነሣ ነው። እንግዲህ የናፍጣ ባቡር የራሱን መብራት ኃይል ተሸክሞ የሚሄድ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችንም በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በእንፋሎት ጀምሮ ከ1950ዎቹ ወዲህ ወደ ናፍጣ ተሸጋግሯል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ለሞተር ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ለማቃጠያ የሚበቃ አየር ያጣል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ማመንጫውን መሸከም ቀርቶለት ኃይሉን ከሽቦው ይወስዳል።

ይህን ሁሉ ስናወራ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ባሕር ለሌለው አገር ልጅ የመርከብ ሞተር ምን ይሠራለታል? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ያልተሸፈነ ምዕራፍ እያለ ገመድ ስትጎትቱ ልትውሉ ነው?» ብለውናል። ስለ ጊዜው እውነት አላቸው፤ እኛም ቸኩለን ነበር «ቤት ያክላል» ያልነው። ይሁን እንጂ ልጁን ዝም ያሰኘንበትና ሣቁን ያበረድንበት ጊዜ ክቡን በጠመኔ ለመሣል ይበቃ ነበር። ባሕርን በተመለከተም ወደብ ባይኖረንም በ1964 የተቋቋመ የመርከብ ድርጅት አለን። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመርከብ መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን የማሪታይም አካዳሚ አለ። የዚያ ትምህርት መጀመሪያው የት ነው ብትሉን፣ 6ኛ ክፍል እጅ ማውጣት ነው እንላለን።

ሌሎችም «የትምህርት መርጃ መሣሪያ የለም» ይላሉ። እኛ የተጠቀምነው የተዋስነውን ገመድ፣ ምስማር፣ ክር፣ ጠመኔ፣ ጭቃና አንድ ባዶ ጠርሙስ ነው። በርሜሉ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ነበር። ወጪያችን ባዶ ነው።

በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት ፈቃድ ጠይቀን ወደዚያው ክፍል ተመለስን። ያስተማረው ጓደኛችን በመጀመሪያ፣ «ባለፈው ጥሩ ጥያቄ ተጠይቄ ሳልመልስ ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው። ይህን ለማለት ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳጣ እኛ እናውቃለን። ከዚያ ልጆቹን ወደ ሜዳ ይዘናቸው ወጣን። የገመዱን ጫፍ ያንን ልጅ አስያዝነው። 27 ሜትሩ ሲያልቅ ዞሮ አየንና፣ «ይኼማ የኛን ቤት ስድስት ጊዜ ይሆናል» አለ። የማንም ቤት እንዳልሆነ ራሱ ለካው።

ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «ሲበላሽ ታዲያ በምን አንሥተው ያወጡታል? የአባዬን ሞተር እንኳ አራት ሰው ነው የሚያወጣው።» እርስ በርስ ተያየን። እንደገና አላወቅንም። በዚህ ጊዜ ግን «አላወቅነውም፤ እስከ ሐሙስ ስጠን» አልነው። ሐሙስ ዕለት መልሱን ይዘን ሄድን። ሞተሩ ሲበላሽ ከመርከቡ አይወጣም፤ እዚያው ይጠገናል። ከበላዩ ክሬን አለ፤ የተበላሸውን ፒስተን ክሬኑ ስቦ ያወጣና ሌላ ይተካበታል። መሐንዲሱም ሞተሩ ሲቆም በጎኑ ባለው በር ገብቶ በውስጡ ይሠራል። «ሞተር ውስጥ ሰው ይገባል?» ብሎ ክፍሉ እንደገና በሣቅ ተናጋ። ይህን ሣቅ ዝም አላሰኘነውም።

ውድ ጓደኞቻችን፣ በቅርቡ እያንዳንዳችን ለብቻችን ክፍል እንገባለን፤ ከኋላ ሆኖ ቅጽ የሚሞላ አይኖርም። የማናውቀውን የሚጠይቅ ልጅ እንደሚገጥመን የተረጋገጠ ነው። ያን ጊዜ ገመድ እንፈልግ፤ ገመድ ከሌለ በእርምጃ እንለካ፤ ካላወቅንም «እስከ ሐሙስ» እንበል። መምህሮቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር እንጠይቃለን። በመመልከቻ ቅጹ ላይ «የክፍል አያያዝ» ከሚለው ረድፍ ቀጥሎ «የተማሪ ጥያቄ አያያዝ» የሚል አንድ ረድፍ ቢጨመርልን ምን ይመስላችኋል? ያ ረድፍ ባለፈው ቢኖር ኖሮ ለጓደኛችን ስንት እንደምንሰጠው እናውቃለን። ለራሳችንም እንዲሁ።